መሬትና ፊደል፦ በጆርጂያ የባሕር ጠረፍ የሚደረግ ጉብኝት

  

በዛሬው የንባብ ትምህርታችን ሩቅ አገር እንሄዳለን። ስንቅ አያስፈልግም፤ በቅሎም አይጫንም። ፊደል የቆጠረ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በዓይኑ ይጓዛል።

የምንሄደው ወደ አሜሪካ ነው። አሜሪካ በብዙ ግዛቶች የተከፈለች ሰፊ አገር ናት። ከግዛቶቿ አንዷ ጆርጂያ ትባላለች። ጆርጂያ በምሥራቅ በኩል አትላንቲክ የተባለውን ታላቅ ውቅያኖስ ትዋሰናለች። የባሕር ጠረፏ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ለእግረኛ የአራት ቀን መንገድ ነው።

በዚህ ጠረፍ ሦስት ነገር እንጎበኛለን። አንደኛ፣ ሳቫና የምትባለውን አሮጌ ከተማ። ሁለተኛ፣ በባሕሩ ዳር የተደረደሩትን ደሴቶች። ሦስተኛ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘውን ታላቅ ረግረግ። ስንጎበኝ አንድ ጥያቄ በልባችን እንያዝ። ይህን መሬት ያለማው ማን ነው? መሬቱስ በማን እጅ ቀረ?

ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ለይተን እንናገራለን።

1ኛ. ከተማዋ

ሳቫና የተቆረቆረችው በ1733 ነው። የቆረቆራት ጀምስ ኦግልቶርፕ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ያማክሮ የሚባሉ የአገሩ ተወላጆች ይኖሩበት ነበር። አለቃቸው ቶሞቺቺ እንግዶቹን በሰላም ተቀበላቸው፤ እንዲሰፍሩም ፈቀደላቸው።

የከተማዋ አሠራር ያምራል። መንገዶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ያሉ ናቸው። በየመካከሉ አራት ማዕዘን አደባባይ አለ። ዛሬ 22 አደባባዮች ይቆጠራሉ። በየአደባባዩ ጥላቸው የሰፋ ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። ከቅርንጫፎቻቸው ላይ ግራጫ ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ይንጠለጠላል። በእኛ ደጋ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ የምናየውን ሽበት ይመስላል።

እነዚህ አሮጌ ቤቶች ሊፈርሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በ1954 አሮጌው የገበያ አዳራሽ ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በ1955 ሰባት ሴቶች ተባብረው ማኅበር አቋቋሙ። ሊፈርስ የተቃረበ አንድ ቤት ገዝተው አዳኑ። ከዚያ ወዲያ በእነሱ ብርታት ብዙ ቤት ዳነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ አይደል?

ግን እኮ ጎብኚ ውበቱን ብቻ አይቶ ከተመለሰ ግማሹን አላየም። ያን ሁሉ ሀብት ያፈራው የማን ጉልበት ነው?

ጆርጂያ ስትመሠረት ባርነት በሕግ ተከልክሎ ነበር። የሩዝ እርሻ ባለቤቶች ግን ደመወዝ የማይከፈለው ጉልበት ፈለጉ። በ1751 ክልከላው ተነሣ። ከአፍሪካ ሰው እየታፈነ በመርከብ ይጋዝ ጀመር። ባርነት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም ሰው ይሸጥ ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው።

በሳቫና አጠገብ የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ነበረ። በ1859 በማርች ወር ፒርስ በትለር የተባለ ባለ መሬት ዕዳ በዛበትና ሰዎቹን ለሽያጭ አቀረበ። ለጨረታ የቀረቡት 436 ነበሩ። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም እስከ ጨረታው ቀን ድረስ በፈረስ ጋጣ ውስጥ ተቀመጡ። ሽያጩ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለቱም ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር። በትለር 303,850 ዶላር አገኘ። ዘመድ ከዘመድ ተለያየ፤ ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተገናኙም። ያን ጊዜ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የልቅሶው ጊዜ» ይለዋል።

አንድ ነገር አስተውሉ። የሰዎቹ ስምና ዕድሜ፣ የሚያውቁትም ሥራ በወረቀት ታትሞ ለገዢዎች ታደለ። ስማቸው የተጻፈባቸው ሰዎች ግን ያን ወረቀት ማንበብ አይችሉም ነበር። ለምን አይችሉም? ኋላ እንደርስበታለን።

እነዚህ ሰዎች ምን ያመርቱ ነበር? ይህን ለማወቅ ከከተማው ወጥተን ወደ ባሕሩ እንውረድ።

2ኛ. ደሴቶቹ

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። የጣና ደሴቶችን ያየ ያውቀዋል። የጆርጂያ ደሴቶች ግን ከአሸዋ የተሠሩ ናቸው። በባሕሩና በየብሱ መካከል እንደ አጥር ተሰልፈዋል። ዋና ዋናዎቹ 14 ያህል ናቸው። ከውቅያኖስ የሚመጣው ማዕበልና ዐውሎ ነፋስ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለየብሱ ጋሻ ናቸው።

በደሴቶቹና በየብሱ መካከል ሰፊ ጨፌ አለ። ውኃው ጨው ነው፤ ሣሩም ጨው የለመደ ሣር ነው። ሩቅ ላየው በክረምት ያማረ የጤፍ ማሳ ይመስላል። በውስጡ ዓሣ፣ ሸርጣንና ወፍ ይራባሉ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ይህ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣ ነው። በዚህ ጠረፍ ሙላቱ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን የገበሬውን ጥበብ ተመልከቱ። ባሕሩ ሲሞላ ወደ ባሕር የሚወርደውን ወንዝ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የወንዙ ጣፋጭ ውኃ ከጨዋማው ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ረጅም የአፈር ግድብ ተሠራ። በግድቡ ላይ የእንጨት መዝጊያ ተተከለ። ሙላት ሲመጣ መዝጊያው ተከፍቶ ጣፋጩ ውኃ ወደ ሩዙ ማሳ ይገባል። ውኃው ሲበቃ ይዘጋል። ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ ይከፈትና ማሳው ይጠነፈፋል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፤ የመስኖ ሥራውን የሚሠራው ባሕሩ ራሱ ነው።

ከምዕራብ አፍሪካ ከተጋዙት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ከሴራሊዮንና ከጋምቢያ አካባቢ የመጡት፣ በአገራቸው ሩዝ የሚያበቅሉ ገበሬዎች ነበሩ። ጥበባቸውን ይዘው መጥተዋል። ያን ሁሉ ግድብ በአካፋና በቅርጫት የገነቡት እነሱ ናቸው። የወባው ወራት ሲመጣ ባለ መሬቶቹ ወደ ደኅና አየር ይሸሹ ነበር። ሠራተኛው ግን ከጭቃው አይወጣም። የዘራው እሱ፣ ያጨደው እሱ፣ የወቃው እሱ። ትርፉ ለሌላ ነበር።

በደሴቶቹ ላይ ብቻቸውን ስለሚኖሩ የራሳቸውን ቋንቋና ባህል ጠበቁ። ዘሮቻቸው ዛሬ ጉላ ጊቺ ይባላሉ። ቋንቋቸው እንግሊዝኛና የአፍሪካ ቃላት የተቀላቀሉበት ነው። ከሣር የሚሠፉት ቅርጫት እስከ ዛሬ ይደነቃል።

3ኛ. የተከለከለው ፊደል

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ። ለምን ማንበብ አልቻሉም?

በ1829 የጆርጂያ መንግሥት ባሪያን ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሰው እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። ጌቶቹ ለምን ፈሩ? ያነበበ ሰው ሕግ ያውቃል። የጻፈ ሰው ለወገኑ መልእክት ይልካል። ወሬ ይሰማል፤ ይጠይቃል። ስለዚህ ፊደል ከጠመንጃ እኩል ተፈራ።

በሳፔሎ ደሴት ቢላሊ መሐመድ የሚባል ሰው ነበር። በምዕራብ አፍሪካ ፉታ ጃሎን ተወልዶ ዐረብኛ ጽሕፈት የተማረ እስላም ነው። በባርነት ሳለ በእጁ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ዛሬ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። 13 ገጽ ነው። ሰውነቱን ገዙት፤ በልጅነቱ የተማረውን ግን ከአእምሮው ሊያወጡት አልቻሉም።

ሌላም ሰው አለች። ሱዚ ኪንግ ቴይለር ትባላለች። በ1848 በባርነት ተወለደች። በሳቫና ከአያቷ ጋር ስትኖር አንዲት ነጻ የወጣች ጥቁር ሴት በቤቷ በስውር ታስተምር ነበር። ልጆቹ መጽሐፋቸውን በወረቀት ይጠቀልላሉ። ፖሊስ እንዳያይባቸው አንድ በአንድ እየተለያዩ ይገባሉ። እንዲህ አድርጋ ሱዚ አንባቢ ሆነች።

በ1861 የሰሜኑና የደቡቡ ጦርነት ተነሣ። በ1862 የሰሜኑ ጦር ደሴቶቹን ሲይዝ ሱዚ ከዘመዶቿ ጋር ሸሽታ ሴንት ሳይመንስ ወደሚባለው ደሴት ደረሰች። ዕድሜዋ ገና 14 ሊሞላ ነበር። መኮንኖቹ ማንበብ እንደምትችል ሲያዩ አስተማሪ አደረጓት። ቀን 40 ያህል ሕፃናት ታስተምር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ሥራ የዋሉ ትልልቅ ሰዎች ይመጡላታል። ጣታቸው በእርሻ የሻከረ አባቶችና እናቶች ከአንዲት ልጅ ፊደል ለመማር አላፈሩም። ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ እነዚያ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ታውቃላችሁ።

ሱዚ በኋላ ከጥቁር ወታደሮች ጋር ዞራ ቁስለኛ አስታምማለች፤ ወታደሮቹንም አስተምራለች። በ1902 የሕይወቷን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች።

4ኛ. መሬት ለአራሹ በሳቫና

የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን በ1864 በዲሴምበር ወር ሳቫናን ያዘ። በጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ምሽት 20 የጥቁር ሕዝብ የሃይማኖት መሪዎች ተጠርተው ወደ ማረፊያው ሄዱ። ያ ቤት ዛሬም አለ፤ ጎብኚ ይገባበታል።

ነጻ የወጣው ሕዝብ ምን ይፈልጋል? ተብለው ተጠየቁ። የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዚየር ለሁሉም ሆነው መለሱ። መሬት ይሰጠን፤ በገዛ ጉልበታችን አርሰን ራሳችንን እንችላለን አሉ። ልብ በሉ! ገንዘብ አልጠየቁም፤ ምጽዋት አልጠየቁም። መሬት አሉ።

ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። በደቡብ ካሮላይና ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶች፣ በወንዞቹ ዳር ያሉት ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ የሩዝ እርሻዎችም ነጻ ለወጡት ሰዎች እንዲሆኑ ታዘዘ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር የሚታረስ መሬት ተመደበ። ይህ 16 ሄክታር ያህል ነው፤ ከግማሽ ጋሻ ያንሳል። ለአንዳንዱም ጦሩ የማይፈልጋቸው በቅሎዎች ተሰጡ። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ ብሎ እንደነበር አባቶች ያስታውሳሉ።

በጥቂት ወራት ውስጥ 40 ሺህ ያህል ሰዎች 160 ሺህ ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ሰፈሩ። ቱኒስ ካምቤል የሚባል ሰው በሴንት ካትሪንስ ደሴት ሰፋሪዎቹን አስተባበረ። የራሳቸው አስተዳደር፣ የራሳቸው ጥበቃ፣ የራሳቸው ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ደስታው ዓመት አልሞላውም። በአፕሪል 1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገደለ። የተተካው አንድሩ ጆንሰን ለቀድሞዎቹ ባለ መሬቶች ይቅርታ እያደረገ መሬቱን ይመልስላቸው ጀመር። አብዛኛው ሕዝብ ከዘራው ማሳ ላይ ተነቀለ። ወይ በተመለሰው ጌታ ስር ተዋውሎ ማረስ፣ ወይ መሰደድ ሆነ።

እንግዲህ መሬቱ በወረቀት መጣ፤ በወረቀት ሄደ። ወረቀት ያለ ሥልጣን፣ ሥልጣን ያለ ሕዝብ አይጸናም።

5ኛ. የቀረችው መንደር

ሆኖም ሁሉም ተስፋ አልቆረጠም። ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያጠራቀሙ መሬት በገንዘብ የገዙ ነበሩ። በሳፔሎ ደሴት በ1871 ጥቂት ሰዎች ተሻርከው 400 ሄክታር ያህል ገዙ። ቤት ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ሠሩ።

ታዲያ ያ መሬት ዛሬ የት ነው? አብዛኛው ከእጃቸው ወጥቷል። በ1934 አንድ የትምባሆ ከበርቴ ልጅ የደሴቲቱን አብዛኛውን ክፍል ገዛ። ሕዝቡን ከየመንደሩ እያስነሣ ሆግ ሐሞክ ወደምትባል አንዲት መንደር ሰበሰበ። ከእሱ ሞት በኋላ የደሴቲቱ ትልቁ ክፍል ለግዛቱ መንግሥት ተሸጠ። ዛሬ በሆግ ሐሞክ የሚኖሩት የቀድሞዎቹ አራሾች ዘሮች ከመቶ በታች ናቸው። ወደ ደሴቲቱ ድልድይ የለም፤ በጀልባ ይኬዳል።

በጠረፉ ሁሉ መሬት የጠፋበት ሌላም መንገድ አለ። እሱን በደንብ አንብቡት።

አባት ሲሞት ኑዛዜ በጽሑፍ አልተወም እንበል። መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ በጋራ ይሆናል። ልጆቹ ሲሞቱ ለልጅ ልጆቹ። ከመቶ ዓመት በኋላ ባለ መብቶቹ ሃምሳ ስድሳ ይሆናሉ። ግማሾቹ ሩቅ ከተማ የሚኖሩ፣ መሬቱን ዓይተውት የማያውቁ ናቸው። ነጋዴ ይመጣና ከነዚያ ከአንዱ ድርሻውን በርካሽ ይገዛል። ድርሻ ስላለው ፍርድ ቤት ሄዶ «መሬቱ በሙሉ ይሸጥልን» ይላል። መሬቱ ጨረታ ላይ ይወጣል። ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ሰው ገንዘብ ስለሌለው ይነቀላል። ሌላው ደግሞ የግብር ወረቀት ሳያነብ ቀርቶ ቀኑ ያልፍበታል፤ መሬቱ በግብር ዕዳ ይሸጣል። ጆርጂያ እንዲህ ያለውን ወራሽ የሚረዳ ሕግ ያወጣችው በ2012 ነው። እስከዚያ ስንቱ ተነቅሏል!

ለዚህ ነው የእኛ ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው።

የሆግ ሐሞክ ሰዎች ዛሬ አንባቢዎች ናቸው። በ2023 የወረዳው ምክር ቤት በመንደሩ ትልልቅ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ነዋሪዎቹ ሀብታም እየመጣ ቤት ሲሠራ ግብሩ ይንራል፣ እኛም እንነቀላለን ብለው ሰጉ። ምን አደረጉ? ደንቡን አነበቡ። ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት ብለው በወረዳው እየዞሩ ከ2 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰቡ። ክርክሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2025 ፍርድ ቤቱ ሕዝቡ እንዲህ የመጠየቅ መብት አለው ብሎ ፈረደ። ቅድመ አያቶቻቸው ፊደል የተከለከሉ ሰዎች በፊርማቸው ተከራከሩ።

6ኛ. ረግረጉ

አሁን ከባሕሩ ዘወር ብለን ወደ ውስጥ ሃምሳ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንሂድ። ኦኪፊኖኪ የሚባለው ረግረግ እዚያ ነው። ስፋቱ ከ170 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ስሙ ከአገሩ ተወላጆች ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የምትንቀጠቀጥ መሬት» ማለት ነው እየተባለ ይተረጎማል።

እውነትም ትንቀጠቀጣለች! ከስር ጠንካራ አፈር የለም። ለብዙ ሺህ ዓመታት የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ተከምሮ እንደ ፍራሽ ሆኗል። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ አራት ሜትር ይደርሳል። ሰው ሲረግጠው አጠገቡ ያለው ዛፍ ይወዛወዛል። ውኃው ከበሰበሰው ቅጠል የተነሣ እንደ ቡና ጠቁሯል። አዞ ይኖርበታል። ነፍሳት እየያዘ የሚበላ ተክልም አለ።

በ1891 አንድ ኩባንያ ረግረጉን አድርቆ እርሻ ለማድረግ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ብዙ ኪሎ ሜትር ቆፈረ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ረግረጉ ግን አልደረቀም። ከዚያ ዛፍ ቆራጮች ገብተው ትልልቆቹን ዛፎች ጨፈጨፉ። በ1937 የአገሪቱ መንግሥት አብዛኛውን ክፍል ለዱር አራዊት መጠለያ አደረገው። ዛሬ ጎብኚ በዚያው በተቆፈረው ቦይ በጀልባ ይቀዝፋል።

ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። ዝናቡን እንደ ጋን ይይዛል፤ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከኦኪፊኖኪ ሁለት ወንዞች ይነሣሉ። አንዱ ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ረግረጉ ሲደርቅ ያ የበሰበሰ ክምር እሳት ይይዛል። በ2007 እና በ2011 ረጅም ጊዜ የቆየ ቃጠሎ ደርሶበታል።

በቅርብ ዓመታት አንድ ኩባንያ በረግረጉ ጠርዝ ማዕድን ለማውጣት ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ውኃው ይጎድላል ብለው ብዙ ሺህ ሰዎች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ላኩ። በ2025 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት መሬቱን ከኩባንያው ገዛው፤ የዚያ ኩባንያ ማዕድን ነገርም በዚሁ ቆመ። እዚህም ብዕር ሥራ ሠራ።

7ኛ. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ጉብኝታችንን ጨርሰናል። ወደ ሥራ የሚለወጥ ነገር ይዘን እንመለስ።

ሀ. ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ጣታችሁንም አታትሙ። «ቶሎ በል፣ ኋላ ታነበዋለህ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ እሺ ኋላ እፈርማለሁ በሉት።

ለ. የይዞታ ደብተራችሁን አውጡና አንብቡ። ስማችሁ ከነአባት ስም በትክክል ተጽፏል? የባለቤታችሁስ? ስፋቱና አዋሳኞቹ ልክ ናቸው? ስሕተት ካለ ዛሬ ይታረም።

ሐ. ግብር ስትከፍሉ ደረሰኙን ተቀብላችሁ ዝናብ በማይነካው ቦታ አስቀምጡ።

መ. የልጆቻችሁንና የወራሾቻችሁን ስም ጽፋችሁ አኑሩ። አባት በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ያስቀመጠው ነገር ወንድማማቾችን ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናል።

ሠ. ብቻውን የቆመ አራሽ ወረቀት ቢኖረውም ይገፋል። የሆግ ሐሞክ ሰዎች አንድ ሆነው ነው የተከራከሩት። ማንበብና መተባበር እንደ ሞፈርና ቀንበር ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ አያርስም።

የቃላት ፍች

ኤከር፦ የአሜሪካኖች የመሬት መለኪያ። ሁለት ኤከር ተኩል አንድ ሄክታር ያህል ነው።
ጋሻ፦ የቀድሞ የመሬት መለኪያ፤ 40 ሄክታር ያህል።
ጠረፍ፦ የአገር ወይም የየብስ ዳርቻ።
ጨፌ፦ ውኃ የማይለየው ሣራማ ቦታ።
ጨረታ፦ ብዙ ዋጋ ለሚሰጥ ሰው የሚደረግ ሽያጭ።
ኑዛዜ፦ ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ንብረቱ የሚተወው ቃል።

ጥያቄዎች

1. የጆርጂያ ደሴቶች ለየብሱ ምን ይጠቅማሉ?
2. የሩዝ ማሳው ያለ ሞተር የሚጠጣው እንዴት ነው? በሥዕል አሳዩ።
3. በ1829 የወጣው ሕግ ፊደልን ለምን ከለከለ?
4. ጋሪሰን ፍሬዚየር ለሕዝባቸው የጠየቁት ምን ነበር?
5. ኑዛዜ ባለመጻፉ መሬት እንዴት ሊጠፋ ይችላል? ለጎረቤታችሁ በቃል አስረዱ።
6. በደብተራችሁ ላይ የእርሻችሁን አራት አዋሳኞች ጻፉ።